ለዲኤክስህ አሞርዛተር ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ዲኤክሷን ዝቅ ማስደረግህን አልነቅፍም። ያቺ መኪና ዝቅ ስትል እንደምታምር እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን የላክህልኝ ጥያቄ «የትኛው አሞርዛተር ረከስ ብሎ ይጠነክራል?» የሚል ነው፤ መልሱን ከመስጠቴ በፊት ጥያቄውን ላቃናልህ። ዝቅ ላለች አሮጌ መኪና መጀመሪያ የሚጠየቀው ርዝመት ነው። ጥንካሬው ቀጥሎ ይመጣል፤ የፋብሪካው ስም ከሁሉ ኋላ። ልኩ የሆነ ርካሽ አሞርዛተር፣ ልኩ ካልሆነ ውድ አሞርዛተር ይልቅ ያገለግልሃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ብርህን ይዘህ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመውረድህ በፊት ረጋ ብለህ ስማኝ።

መኪናዋን የሚሸከማት ሞላው ነው። አሞርዛተሩ የተቀመጠው ሞላው ተጨምቆ ሲመለስ መኪናዋን ይዟት እንዳይዘልል፣ ጎማውም ከአስፋልቱ እንዳይለቅ ለመግታት ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳና በስስ ቫልቭ እየተገፋ ሲያልፍ የንዝረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ረጅም ኮረኮንች ከነዳህ በኋላ ገላውን ብትነካው የሚያቃጥልህ ለዚህ ነው። ይህን ሥራ መሥራት የሚችለው ግን ዘንጉ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ሲኖረው ብቻ ነው። ዝቅ ማስደረግ ያንን ቦታ ይወስድበታል። የምነግርህ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

በቁጥር ላሳይህ። አንድ የኋላ አሞርዛተር ሙሉ ሲዘረጋ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ሙሉ ሲታጠፍ 32 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ጉዞው 18 ነው። መኪናዋ በፋብሪካ ቁመቷ ቆማ አሞርዛተሩ 41 ላይ ቢያርፍ፣ ለመግባት 9፣ ለመውጣት 9 ይቀረዋል፤ ይህ ደኅና ነው። አንተ አሞርዛተሩ ላይ በ5 ሴንቲ ስታወርዳት ማረፊያው 36 ይሆናል፤ ለመግባት የቀረው 4 ብቻ። ከእሱ ላይ ዘንጉ ጨርሶ ሲገባ ምቱን የሚቀበለው የመምቻው ጎማ ውፍረት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሲቀነስ፣ በእጅህ የሚቀርህ ነፃ ጉዞ የአንድ ጣት ውፍረት ነው። እንዲህ ያለች መኪና ከኋላ ሦስት ሰው ጭና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስትሻገር መምቻው ጎማ ላይ ትወድቃለች። ጎማው አርጅቶ ከተበጣጠሰ ወይም «አያስፈልግም» ተብሎ ተቆርጦ ከተጣለ ደግሞ ፒስተኑ ታች ያለውን ቫልቭ እየቀጠቀጠ አዲሱን ዕቃ በአጭር ጊዜ ይገድለዋል። ያኔ ባለ መኪናው «የቻይና ስለሆነ ነው» ይላል። የቻይናው ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ማንም የሠራው ቢሆን በዚያ ጠባብ ቦታ አይኖርም።

ስለዚህ ለካ። መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ አቁማት፤ ነዳጅ ይኑራት፣ ዘወትር የምትጭናቸው ሰዎችም ይቀመጡባት። የኋላውን አሞርዛተር ከላይኛው ማሰሪያው እስከ ታችኛው ቀለበት መሃል ለካና ጻፍ። ከዚያ አውልቀህ ታጥፎና ተዘርግቶ ስንት እንደሚሆን ለካ። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይዘህ ገበያ ግባ። ከፓራፋንጎ እስከ ጎማ ያለውን ለክተህ «5 ሴንቲ ወርዳለች» አትበለኝ፤ የኋላው አሞርዛተር ጋደል ብሎ ስለሚታሰር ጎማው የሄደውን ያህል እሱ አይሄድም። ልኩ የሚወሰደው ራሱ አሞርዛተሩ ላይ ነው። የፊቱ በሞላው ውስጥ ስለተሰወረ ለእሱ ሌላ ዘዴ አለ፤ የአቧራ መከላከያውን ከፍ አድርገህ፣ ዘንጉ ከቱቦው በሚወጣበት አፍ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገህ እሰር። የለመድኸውን መንገድ ነድተህ ተመለስ። ቱቦው ማሰሪያዋን ወደ ላይ የገፋበት ቦታ ዘንጉ እስከየት ድረስ እንደገባ ያሳይሃል። እስከ መምቻው ጎማ ከደረሰች፣ ጉዞህ አልቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ መኪናህ ልምጣ። እኛ ዲኤክስ የምንላት ኮሮላ በቶዮታ መለያ ኬኢ70 ናት፤ በፈረንጆቹ 1979 ብቅ ያለችው፣ ብዙውን ጊዜ 4ኬ የተባለው የ1,290 ሲሲ ሞተር ያለባት፣ በኋላ እግሯ የምትገፋው። ዲኤክስ ግን የደረጃ ስም ስለሆነ፣ ከውጭ ለሚልክልህ ዘመድ «የዲኤክስ አሞርዛተር» ብለህ ብቻ ብትጽፍ የሌላ ኮሮላ ዕቃ ይዞልህ ይመጣል። በኮፈኑ ሥር ካለው ሰሌዳ ላይ የአካሉን መለያ፣ ካወለቅኸው አሞርዛተር ላይ ደግሞ የዕቃውን ቁጥርና የለካሃቸውን ርዝመቶች አብረህ ላክለት።

የዚህች መኪና አሠራር ለኪስህ ይራራል። ከኋላ ጠንካራ አክስ በሞላ ላይ ተቀምጧል፤ አሞርዛተሩ ለብቻው ስለሚታሰር መቀየሩ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከፊት ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ቆመዋል፤ የቱቦው አናት ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ ሲፈታ ግን ውስጡ ይወጣል። ቱቦውን ሳትጥል ውስጡን ብቻ መተካት ትችላለህ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሞኝበት ነገር አለ። አጭር የውስጥ ዕቃ ገዝቶ፣ ከሥሩ ድጋፍ አስገብቶ በረጅሙ ቱቦ ውስጥ ያስረዋል፤ «አሳጠርኩ» ብሎም ይደሰታል። ምንም አላተረፈም። የቱቦው አፍ የነበረበት ከፍታ ላይ ስለቀረ፣ መምቻው ጎማ ጋ የሚደርሰው በዚያው ቦታ ነው። ትርፉ የሚገኘው ራሱ ቱቦው ሲያጥር ነው፤ ያ ደግሞ መሪና ፍሬን የተሸከመውን ብረት ቆርጦ መበየድ ስለሆነ ለመንገድ ዳር በያጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። በአነስተኛ ገንዘብ የምትሠራ ከሆነ ቱቦውን አትንካ። በዚያ ፈንታ ፊቷን ከ3 ሴንቲ በላይ አታውርዳት፤ የቀረላት ጉዞ ይበቃታል።

(ቮልስ ስላለው ጓደኛህም ጠይቀኸኝ ነበር። የእሱ ነገር ይለያል። የፊቷን ዝቅታ ያገኘው የጎማው ዘንግ ከፍ ብሎ የተበየደበትን እግር በመግጠም ከሆነ፣ ክንዶቹ በነበሩበት ስለሚቀሩ የፋብሪካው ርዝመት ያለው አሞርዛተር ይሠራለታል። የቶርሽን ባሩን አዙሮ ካወረዳት ግን አጭር መፈለግ አለበት።)

ሞላውንስ ምን አድርገኸዋል? እሱን ሳልሰማ አሞርዛተር ልመርጥልህ አልችልም። ካስቆረጥኸው፣ በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ ለራሷ አሳጠረች የሚለውን አስታውስ። የሚሠሩ ስድስት ዙሮች ያሉት ሞላ አንዱ ሲቆረጥለት ያጥራል ብቻ ሳይሆን 20 ከመቶ ይጠነክራል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጉዞዋ ላጠረ መኪና መጠነኛ ጥንካሬ ይጠቅማታል። አደጋው ያለው ያጠረ ሞላ ከረጅም አሞርዛተር ጋር ሲጋባ ነው። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ይላላል፤ ሲመለስ ተንሸራቶ ወይም ዞሮ ያርፋል፤ አንድ ቀን ጭራሽ ይወጣል። መፈተኑ ቀላል ነው። መኪናዋን በክሪክ አንሣና በማስደገፊያ ላይ አሳርፋት፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላውን በእጅህ አዙረው። ከዞረ፣ አሞርዛተሩ ረዝሞበታል። በእሳት አሙቀው ያወረዱልህ ሞላ ከሆነ ግን ከዚህ በላይ አታንብብ፤ የብረቱን ጥንካሬ እሳቱ ወስዶታልና ሄደህ ሞላ ቀይር፤ የአሞርዛተሩን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ስለ ጥንካሬ ወጣቶች የምታስቡት ትክክል አይደለም። ሞላው በጠነከረው ልክ አሞርዛተሩም ይጠንክር ትላላችሁ። ስሌቱ እንዲያ አይሄድም። የመኪናዋ ክብደት እስካልተለወጠ ድረስ፣ ሞላው 20 ከመቶ ቢጠነክር አሞርዛተሩ ላይ የሚያስፈልገው ጭማሪ 10 ከመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ዓይነት የሆነ አዲስ አሞርዛተር፣ ወይም ከእሱ ጥቂት ጠንከር ያለው ይበቃሃል። ጭማሪው ይበልጥ የሚያስፈልገው በመልሱ ላይ፣ ማለትም የተጨመቀው ሞላ ሲዘረጋ ነው። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ፤ የተጨመቀ ጠንካራ ሞላ ያጠራቀመውን ይዞ ይነሣል፣ ያንን መነሣት የሚይዘው የመልሱ ቫልቭ ነው። ግን በዚህም በኩል ልክ አለው። የመልሱ ኃይል ሲበዛ ሞላው ለመዘርጋት ጊዜ ያጣል፤ ጉብታ በጉብታ ላይ ሲደራረብ መኪናዋ እየወረደች እየወረደች ሄዳ መምቻው ጎማ ላይ ትቀመጣለች። ዝቅ ያለች መኪና ደግሞ ለዚያ ሩቅ አይደለችም። ሲጫን የሚያስቸግር ድንጋይ የሆነ አሞርዛተርም ኮብልስቶን ላይ ጎማውን ያስዘልለዋል፤ የዘለለ ጎማ ፍሬን አይይዝም። እናትህን ሐኪም ቤት የምታመላልስባት መኪና ናት፤ ወገቧን ይዛ እንድትወርድ አታድርግ።

አሠራራቸው ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ሁለት ቱቦው ዘይቱን በውስጠኛውና በውጭኛው ቱቦ መካከል ያመላልሳል፤ ጋዝ ካለው በዝቅተኛ ግፊት ነው። ባለ አንድ ቱቦው ዘይቱንና ናይትሮጅኑን በተንሳፋፊ ፒስተን ይለያል፤ የጋዙ ግፊት ከ20 እስከ 30 ባር ይደርሳል። ይህኛው ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያስወጣ በረጅም መንገድ አይደክምም። ለአንተ ግን እንቅፋት አለው። ጋዙና ዘይቱ በአንድ ቱቦ ውስጥ ተከታትለው ስለሚደረደሩ፣ ለተመሳሳይ ጉዞ ገላው ይረዝማል፤ አንተ ደግሞ የጠበበህ ቦታው ነው። ጋዙ ዘንጉን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ ዘንግ ላይ 25 ባር ማለት በእያንዳንዱ አሞርዛተር 25 ኪሎ ያህል ግፊት ነው፤ አንድ ቶን የማትሞላ መኪና በዚህ ጥቂት ከፍ ትላለች። ድንጋይ መትቶ ገላውን ካጎበጠው ፒስተኑ ይያዛል። ስለዚህ ለከተማ ለምትነዳት፣ በአነስተኛ ገንዘብ ለምትጠግናት መኪና፣ ዝቅተኛ ግፊት ጋዝ ያለው ባለ ሁለት ቱቦ ምረጥ ብዬ እመክርሃለሁ።

ከስሞቹ መካከል የጃፓኑን ካያባ ታውቀዋለህ፤ ሳጥኑ ላይ ኬዋይቢ የሚለው ነው። ኤክሴል-ጂ የሚባለው ዓይነቱ አሁን የነገርሁህ ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ጋዝ-አ-ጀስት የሚለው ባለ አንድ ቱቦ ነው። የጀርመኑ ቢልስታይን ቢ8 ብሎ ለዝቅ ያሉ መኪኖች አሳጥሮ የሚሠራው አለው፤ የኔዘርላንዱ ኮኒ ደግሞ የመልሱ ኃይል የሚስተካከል ይሠራል። መልካም ዕቃዎች ናቸው። ዋጋቸው ግን የአንተ አቅም አይደለም፤ ለኬኢ70 ልካቸውን ማፈላለጉም ሌላ ድካም ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብህ፣ እነሱን እየጠበቅህ በሞተ አሞርዛተር አትንዳ።

ገበያው እንደ ድሮው እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብሩ በገበያ ዋጋ ሲተመን መለዋወጫው ሁሉ አብሮ ተሰቀለ። እንዳንተ ያለ ወጣት የያዛትን አሮጌ መኪና አክብሮ መያዝ ግዴታው ሆኗል። ርካሽ መፈለግህ ተገቢ ነው፤ አላሳፍርህም። ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ገዝተህ እንዳትመጣ። አሮጌ አሞርዛተር ከሆነ የሚሸጡልህ፣ ቀጥ አድርገህ አቁመህ እስከ ታች ጫነው፣ እስከ ላይ ሳበው። መግታቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ መሃል ላይ ድንገት ቢለቅህ ወይም ቢያንቋቋ ተወው። ዘንጉ እንደ አዲስ ያብረቅርቅ፤ ዝገት የበላው ነጥብ ካለበት ፓራዮሎውን እየፋቀ ዘይቱን ያስወጣል። ገላው በቤንዚን ታጥቦ ቢያብረቀርቅ አትደሰት፤ የታጠበው ዘይቱ እንዳይታይ ሊሆን ይችላል። ጋዝ አለው ከተባለ፣ ጭነህ ስትለቀው በራሱ መውጣት አለበት።

ለአዲሱም ቢሆን ዓይንህን ክፈት። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል። በታወቀ ስም ሳጥን ውስጥ ሌላ ዕቃ ከትቶ መሸጥ አለ። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥርና ገላው ላይ የተመታው ቁጥር ይመሳሰሉ፤ ብየዳው ዙሪያውን እኩል ይሁን፤ የቀኙና የግራው ክብደት አይለያይ። የታወቀ ስም ካላገኘህ፣ ስሙ ያልታወቀውን በራሱ ስም የሚሸጠውን እመርጥልሃለሁ፤ ካያባ ነኝ ብሎ ከሚዋሽህ እሱ ይሻላል። ደረሰኝ ተቀበል፤ ካልሆነ መልሰህ የምትቀይርበትን ቀን ከባለ ሱቁ ጋር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተስማማ።

በርዝመት የሚመጥን የሌላ መኪና አሞርዛተር ለኋላ ማግኘት ይቻላል። ማሰሪያዎቹ ይመሳሰሉ፤ የለካሃቸው ሦስት ቁጥሮች ይገጣጠሙ። ቅድም በሰጠሁህ ምሳሌ፣ ማረፊያህ 36 ከሆነ፣ ተዘርግቶ 44 ታጥፎ 28 የሆነ አሞርዛተር ለመግባትም ለመውጣትም 8 ይሰጥሃል፤ ሞላውንም አጥብቆ ይይዝልሃል። ነገር ግን ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ፤ ክብደቷ ከዲኤክስ የሚቀራረብ መኪና ይሁን። ከፒክአፕ ወይም ከሚኒባስ የወጣው ቢገጥምም ቫልቩ ለጭነት የተሠራ ነው፤ ጀርባዋን ያስዘልልብሃል። ከልክ በላይ ያጠረም አትግዛ፤ ጎማው ሲንጠለጠል አክሱን አንጠልጥሎ የሚይዘው አሞርዛተሩ ይሆንና ማሰሪያው ይበጠሳል።

ልኩን ጨርሶ ካጣህስ? መኪናዋን ከፍ አድርጋት። 2 ሴንቲ መልሰህ ብታነሣት በሁለት ሴንቲው ጉዞ የምታገኘውን ምቾት ምንም ብር አይገዛልህም። ጓደኞችህ ቢስቁ ይሳቁ።

ሲገጠም አጠገቡ ቁም። ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ አብረው ይቀየራሉ፤ አንድ ብቻ አይቀየርም። ባለ ሁለት ቱቦውን ከመግጠም በፊት ቀጥ አድርጎ አምስት ስድስት ጊዜ ማስገባትና ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ተኝቶ ሲጓጓዝ የገባበት አየር ይወጣል። ዘንጉን በፒንሳ የሚይዝ መካኒክ ካየህ አስቁመው፤ የተጫረ ዘንግ ዘይት ያፈሳል። የፊቱ የውስጥ ዕቃ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን ትንሽ ዘይት ይጨመርበት፤ ሙቀቱን ወደ ቱቦው የሚያደርሰው እሱ ነው። ሞላውን በሽቦ አስረው የሚፈቱ አሉ፤ የታሰረ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፣ መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ አትግባ። መምቻው ጎማና የአቧራ መከላከያው አዲስ ይሁኑ፤ ዋጋቸው ጥቂት ነው፣ እነሱን ቆጥበህ አሞርዛተሩን አትክሰር። የጎሚኒዎቹ ዳዶ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ነው፤ ተንጠልጥላ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ መካኒኩን አታጣድፈው።

ዝቅ ያለች ዲኤክስ የኋላ አክሷ ወደ አንድ ጎን ጥቂት ይሸሻል፤ አክሱን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ ርዝመቱ ስላልተለወጠ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ፓራፋንጎውን የሚቀርብ መስሎ ከታየህ እሱ ነው። የፊቱንም አላይመንት አሠራ።

ከዚያ ፈትናት፤ ግን በቦሌ መንገድ ለስላሳ አስፋልት ላይ አትፍረድላት። የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል። አዲስ አሞርዛተር በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያስደስታል። እውነተኛውን ፈተና ከፈለግህ፣ ወደ ጎጃም ስትሄድ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ውረድ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን አጥፎታል፣ ፍሬንና አሞርዛተር አንድ ላይ ይሠራሉ። በዝግታ ውረድ። መኪናዋ በተከታታይ ጉብታ ላይ እየወረደች ከመጣች መልሱ በዝቶባታል፤ ከአንድ ጉብታ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘች አንሷታል፤ ደረቅ ድምፅ እያሰማች ከታች ከመታች ደግሞ ጉዞው አልበቃትም፣ እንደገና ልካት።

500 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ የላይና የታቹን ዳዶዎች በቁልፍ ዳስሳቸው፤ ዘንጎቹ ላይ ዘይት አለመኖሩን እይ፤ የጎማውን ገጽ በመዳፍህ ዙሪያውን ዳብሰው። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሎ ከተበላ ጎማው እየዘለለ ነውና ደውልልኝ፤ ሦስቱን ቁጥሮችም ይዘህ ደውል።